ከመላጨትሽ በፊት የሚቀባ ዘይት፦ አሠራሩና የጠርሙሱ ጉዳይ

በድምፅ መልእክት ከሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የደመወዝና የፓስፖርት ናቸው። ሌላ ዓይነትም አለ፤ እህቶች ማዳም እንዳትሰማ ሐማም ገብተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚልኩት። «ብብቴን ስላጨው ያቃጥለኛል፣ ትንንሽ ቀያይ ነገር ያወጣብኛል፣ ምን ልቀባበት?» አንዷ ሎሚ ቀብታ ሞክራለች፣ አንዷ ሽቶ፣ አንዷ ደግሞ ወለል የምታጸዳበትን ፀረ ጀርም ሳትበርዘው። የመጨረሻዋ የደወለችው ቆዳዋ ከተላጠ በኋላ ነው።

ከመላጨት በፊት የሚቀባ ዘይት ለዚህ ይረዳል፣ አሠራሩም ቀላል ነው፤ ሁለት ዘይት፣ አንድ ትንሽ ጠርሙስ፣ በቃ። የማይቀለው ጠርሙሱ የሚቀመጥበት ቤት የሰው ቤት መሆኑ ነው። እሱን ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሚያቃጥል እንይ። ብዙዎቻችን የምንላጨው ስማችን እስኪጠራ ድረስ ባለችው ትንሽ ጊዜ ነው። ቆዳው በደንብ ሳይርስ፣ ለወራት ያልተቀየረ ምላጭ ይዘን፣ እንደ ድስት እንፍቀዋለን። የደነዘዘ ምላጭ ፀጉሩን ሳይቆርጥ ይጎትተዋል፣ ከላይ ያለውን ቆዳ ደግሞ ይልጠዋል። ከዚያ ላይ ላብ ይመጣል፣ የማያስተነፍሰው የሥራ ልብስ ይመጣል፣ ጠዋት ደግሞ ክሎሮክስ የነካ እጅ ይመጣል። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ከሆነ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና ያብጣል። ፀጉረ ከርዳዳ ሰዎች ላይ ይሄ በብዛት ይታያል፤ የንጽሕና ጉድለት አይደለም።

ዘይቱ እዚህ ውስጥ ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ምላጩ ቆዳውን ሳይፍቅ እንዲንሸራተት ማድረግ። ፀጉሩን የሚያለሰልሰው ዘይቱ አይደለም፣ ውሃው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቢ፤ ለብ ባለ ውሃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ታጠቢ፣ ከዚያ ቆዳሽ ገና እርጥብ እያለ ዘይቱን ቀቢ። ደረቅ ቆዳ ላይ ዘይት ቀብተሽ ብትጀምሪ ግን ፀጉሩ እንደ ሽቦ እንደጠነከረ ይቆያል።

አሁን ወደ አሠራሩ። 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ወይም የሱፍ ዘይት፣ በላዩ 1 የሻይ ማንኪያ የጉሎ ዘይት። ሲደመር ወደ 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የምትጠቀሚው ጥቂት ጠብታ ስለሆነ ለብዙ ጊዜ ይበቃሻል። ጉሎው ወፍራም ነው፤ ቆዳ ላይ ቶሎ አይወርድም፣ የምንፈልገውም ለዚያ ነው። ግን ከዚህ በላይ አታብዢው፤ የምላጩን ጥርስ መሃል ይዘጋዋል። ጠርሙሱን ታጥበሽ በደንብ አድርቂው፤ ውስጡ የቀረች ውሃ ዘይቱን ታበላሸዋለች። ነቅነቅ አድርጊው፣ አለቀ። እሳት አያስፈልገውም።

ሱቅ ስትሄጂ ወይም ማዳም ስትሄድ እንድትገዛልሽ ስትጠይቂ የወይራው «ዘይት ዘይቱን»፣ የሱፉ «ዘይት ዐባድ ሸምስ»፣ የጉሎው «ዘይት ኸርዋዕ» ይባላል። የጉሎውን ሰይደሊያ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጡታል። የኮኮናት ዘይት፣ «ዘይት ጆዝ ሂንድ»፣ የሚወዱ አሉ፤ እሱም ይሆናል፤ ነገር ግን ቅዝቃዜው ከ24 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይረጋል፣ ኤሲ በሚሠራበት ክፍል እንደ ሞራ ደርቆ ነው የምታገኚው። የሰሊጥና የለውዝ ዘይቶችም ጥሩ ናቸው፤ አንቺ የምታቅፊው ሕፃን ለሰሊጥ ወይም ለለውዝ አለርጂ ካለበት ግን ክፍልሽ ውስጥ እንኳን አታስገቢያቸው። ቅቤ አይሆንም። የተጠበሰበት ዘይትማ ጭራሽ።

ሽቶ፣ ሎሚ፣ አልኮል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሬት ቅጠል ጭማቂ አትጨምሪበት። የተላጨ ቆዳ ማለት በዓይን የማይታይ ቁስል ያለበት ቆዳ ነው፤ ሽታው ደስ ስላለሽ ብቻ የምታክዪው ነገር ያቃጥልሻል። እንደ ቅጠል ያለ ውሃ ያለው ነገር ደግሞ ዘይት ውስጥ ሲቆይ ጀርም ያበቅላል። እኔ በበኩሌ ሽታ የሌለውን እመርጣለሁ፤ ላብና ሽቶ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ።

ከመጠቀምሽ በፊት አንድ ጠብታ የክንድሽ እጥፋት ላይ ቀብተሽ እስከ ነገ ጠብቂ። ካላሳከከሽና ካልቀላ መጀመር ትችያለሽ። ስትላጪ ፀጉሩ ባደገበት አቅጣጫ ሂጂ፣ አትጫኚ፣ አንድ ቦታ ደጋግመሽ አትመላለሺ። የብብት ፀጉር የሚያድገው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ መስታወት ካለ እጅሽን አንሥተሽ እዪው። ምላጩን በየምቱ በሙቅ ውሃ አለቅልቂው። ስትጨርሺ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ፣ ሳትፈትጊ አድርቂ፤ ዲኦዶራንት ለዚያ ምሽት ይቅርብሽ። ምሽት ያልኩት በምክንያት ነው፤ ጠዋት ተላጭተሽ ክሎሮክስ ይዘሽ ደረጃ ልታጥቢ ከሄድሽ ያቃጥልሻል። ምላጩን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተላጨሽበት በኋላ ጣይው፤ የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩት ይሄን ነው። ሐማም ውስጥ እርጥበት ላይ አትተዪው፣ ይዝጋል። እባክሽ ደግሞ የሐማሙን ወለል በሳሙና እጠቢ። ዘይት የፈሰሰበት ሴራሚክ አንቺንም ልጆቹንም ይጥላል፣ ልጅ ከወደቀ ደግሞ ጥያቄው ወደ አንቺ ነው።

ለብልት አካባቢ ከውጭ ብቻ ነው የሚቀባው፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ኮንዶም የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ዘይት የላስቲክ ኮንዶምን ያዳክመዋል፣ ይቀደዳል፤ ታጥበሽ አስወግጂው።

ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። ኢትዮጵያ እያለን እናቶቻችን የተበጠረ ፀጉር የትም አያስጥሉንም፤ ጠቅልለሽ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወትፊው፣ ሰው እንዳይሠራበት ይባላል። ይሄ ልማድ አብሮን አውሮፕላን ይሳፈራል። ብዙ የአረብ ቤተሰቦችም ያው ፍርሃት አላቸው፤ እነሱ «ሲህር» ይሉታል። አሁን በማዳም ዓይን እዪው። የሠራተኛዋ ፍራሽ ሥር ስም የሌለው ዘይት በትንሽ ጠርሙስ፣ አጠገቡ በጨርቅ የተጠቀለለ ፀጉር። አንቺ የደበቅሽው ሰው እንዳይሠራብሽ ብለሽ ነው፤ እሷ የምታየው ግን የተሠራባትን ነው። ቀልድ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በሳዑዲ አረቢያ ስላሉ የቤት ሠራተኞች ባወጣው ሪፖርት ውስጥ በአሠሪዎቻቸው በስርቆትና በጥንቆላ የተከሰሱ ሴቶችን ጉዳይ መዝግቧል። አንዳንዴ ክሱ የሚመጣው ሠራተኛዋ ያልተከፈላትን ደመወዝ ስትጠይቅ ነው።

ስለዚህ ዘይቱን ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ከመገልበጥ ይልቅ ከሰይደሊያ በተገዛው በራሱ ጠርሙስ አስቀምጪው። ለምሳሌ ለፀጉርና ለቆዳ ተብሎ በትንሹ የሚሸጠውን የወይራ ዘይት ገዝተሽ፣ ጥቂት ቀንሰሽ፣ ጉሎውን እዚያው ላይ ጨምሪበት። በዐረብኛ የተጻፈው ወረቀት እንደተለጠፈ ይቆያል፣ የሚጠይቅ ሰው አንብቦ ያልፋል። ፋቱራውን አትጣዪ። ጠርሙሱን አትደብቂው፤ ከሳሙናሽና ከጥርስ ብሩሽሽ ጋር በግልጽ ይቀመጥ። ማዳምሽ ጥሩ ከሆነች ቀድመሽ አሳያት፤ «ዘይት ሊል ጂስም» ማለት የገላ ዘይት ማለት ነው፣ ይገባታል። የተላጨውን ፀጉር በሶፍት ሰብስበሽ ያኔውኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣይው። ከእናትሽ ልማድ ጋር ከተጋጨብሽ የሚቀለውን አንቺ ምረጪ፤ እኔ ግን መጣሉን ነው የምለው።

ዘይቱን ከወጥ ቤት ሳታስፈቅጂ አትውሰጂ። «ሁለት ማንኪያ ዘይት ማን ይቆጥራል?» ትይ ይሆናል። ፍቅር ባለበት ቀን ማንም አይቆጥረውም፣ በተጣላችሁ ቀን ግን ይቆጠራል። የማዳምን ምላጭም እንዲሁ አትንኪ፤ ይሄኛው ደግሞ ከስርቆትም በላይ የጤና ነገር ነው።

ትምህርት ቤት በፀረ ኤድስ ክበብ ስለታም ነገር በጋራ አንጠቀም ብለን ስንት ጊዜ ዘምረናል። መክተብ ውስጥ አሥር ሆነን በአንድ ክፍል ስንተኛ ግን አንድ ምላጭ ለሁሉም ይዞራል። ሄፓታይተስ ቢና ሄፓታይተስ ሲ ደም በነካው ምላጭ ይተላለፋሉ፣ ደሙም ለዓይን መታየት የለበትም። ዘይት አይከላከለውም፣ ጀርም አይገድልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ በጤና ምርመራ ኤች አይ ቪ ወይም ሄፓታይተስ ከተገኘብሽ ኢቃማ ልትከለከዪና ወደ አገርሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ባለ እጀታው ምላጭ በቃላ በጥቅል ርካሽ ነው። ለራስሽ ብቻ ግዢ፣ እጀታው ላይ ክር እሠሪበት፣ ጓደኛሽ ከቸገራት አዲስ አውጥተሽ ስጫት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ አገር ቤት ያለሽ ወይም ለእረፍት የምትሄጂ ከሆነ ጤና ጣቢያ ጠይቂ።

መላጨት ግዴታሽ ነው የሚል ሰው ካጋጠመሽም እናውራ። ሙስሊም እህቶቻችን የብብትና የብልት ፀጉርን ከ40 ቀን ሳያሳልፉ የሚያነሡት በእምነታቸው ነው፤ በፈቃዳቸው ነው። ማዳም ወይም የመክተብ ሰው «ተላጪ፣ ላየው» ሲልሽ ግን ሌላ ነው። ፀጉር በራሱ ቆሻሻ አይደለም፣ ገላሽንም የማሳየት ግዴታ የለብሽም። ተላጭቼ አልችልም፣ ቆዳዬ ይቆስላል ካልሽ በመቀስ ማሳጠር ይበቃል፣ ለብዙዎቻችን እንዲያውም የተሻለው እሱ ነው። ወንድ አሠሪ ስለዚህ ጉዳይ ከጠየቀሽ ትንኮሳ ነው፤ ቀኑን ጻፊ፣ ለምታምኛት ሰው በዚያው ቀን ንገሪ።

ቀይ ነጠብጣቡ በጥቂት ቀን ካልጠፋ መላጨቱን አቁሚ፣ በንጹሕ ጨርቅ ለብ ያለ ውሃ ያዥበት፣ በመርፌ አትፈልፍዪው። እባጩ ካደገ፣ መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ያስፈልግሻል፤ ዘይትም ሻይ ቅጠልም አይፈታውም። ብብትሽ ሥር እየተመላለሰ የሚወጣ ብጉንጅ ካለም አሳዪው፣ ከመላጨት ጋር ያልተያያዘ በሽታ ሊሆን ይችላል። በኩዌት የ2015 ሕግ ቁጥር 68፣ በኳታር የ2017 ሕግ ቁጥር 15 ማሳከም የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይናገራሉ፤ ከደመወዝሽ የሚቆረጥ አይደለም። ለማዳም ስትነግሪ «ኢልቲሃብ» በይ፣ መቆጣት ወይም ማመርቀዝ ማለት ነው፤ «ሐሳሲያ» ካልሽ አለርጂ መስሏት ክሬም ገዝታ ልታልፈው ትችላለች።

ከጉሎው የተረፈሽን ማታ ተረከዝሽ ላይ ቀቢው። በባዶ እግር ወለል ስናጥብ የሚሰነጠቀውን ያለሰልሰዋል። ካልሲ አድርጊበት፣ አለበለዚያ አንሶላው ቅባት ይዞ ጠዋት ሌላ እጥበት ይሆንብሻል።