ጦቢያ፣ ሰብለ፣ ፊያሜታ፣ ሂሩት፦ ከቦንጋ ሲነበቡ

የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀምር ሴት ልጅን ወንድ አስመስሎ ለፍለጋ አወጣ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ አንባቢው «ጦቢያ» ብሎ በለመደው መጽሐፍ፣ ጦቢያ የጠፋውን ወንድሟን ለመፈለግ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንገድ ትገባለች። የምትደርስበት አደባባይ ማን እንደ ሆነች አያውቅም፤ አንባቢው ግን ያውቃል፤ ታሪኩንም እስከ መጨረሻው የሚጎትተው ይኸው የተሸሸገ ማንነት ነው። ያለፈ ዘመን፣ ምስጢር፣ ቤቷን ትታ የወጣች ሴት፦ ሦስቱም በመጀመሪያው መጽሐፍ አብረው ተገኝተዋል። ስለዚህ ታሪክን ከምስጢር ጋር አጣምሮ ሴትን በመሐል የሚያቆመው ልብ ወለድ ትናንት ከውጭ የመጣብን እንግዳ አይደለም። አንባቢያችን እንዲህ ባለችው ሴት ላይ ሲፈርድ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የፍርዱ መለኪያ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል።

መጽሐፉ በታተመበት ዓመት የካፋ መንግሥት ከወደቀ ገና ዐሥር ዓመቱ ነበር። ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተከላከለና በጫካ ከተሸሸገ በኋላ በመስከረም 1890 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ጦር እጅ ወድቆ ወደ ሸዋ ተወስዷል። በካፋዋ ከተማ በቦንጋ ዙሪያ በዚያን ጊዜ አማርኛ ማንበብ የሚችለው ከጦሩ ጋር የመጣው ጸሐፊና ካህን ነበር ማለት ይቻላል፤ በመላ አገሪቱም ቢሆን የመጽሐፍ አንባቢ ጥቂት ነበር። ያም ጥቂት አንባቢ መጽሐፍን የሚመዝነው በሚሰጠው ምክር ነው። ጦቢያ ወንድ መስላ መውጣቷ የተወደደላት ለአባቷና ለወንድሟ ብላ ስለ ወጣች ነው፤ ፍለጋዋም የሚያበቃው ንጉሡ ሃይማኖቷን ተቀብሎ በሚያገባት ሠርግ ነው። ከ23 ዓመት በኋላ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስለ ጋብቻ በጻፉት ልብ ወለድ የልጅነት ጋብቻን ጉዳት ሲያነሡም መለኪያው ያው ምክርና ተግሣጽ ነበር። ሴቲቱ የምትጠየቀው ጥሩ ልጅ፣ ጥሩ ሚስት መሆኗን ነው። ምን እንደ ፈለገች የሚጠይቃት አልነበረም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደ ኋላ ተመልሶ የጎጃምን የባላባት ቤት ሲከፍት፣ ሰብለ ወንጌል የምትባል በዘር ቆጠራ ምክንያት ሳታገባ የቆየች ልጅ አሳየን። ሰብለም በመጨረሻ መነኩሴ መስላ ከአባቷ ቤት ትጠፋለች። ሀዲስ ከአፈወርቅ ይውሰዱት ወይም አይውሰዱት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዋናው ልዩነት ምክንያቱ ላይ ነው። ጦቢያ የወጣችው ለቤተሰቧ ነው፤ ሰብለ ግን የወጣችው ከቤተሰቧ ነው። በእኔ እምነት በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሴት ስለ ራሷ ስትወስን አንባቢው በብዛት ከጎኗ የቆመው ያኔ ነው።

ይህን መጽሐፍ ወደ ሩቅ ያደረሰው ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረውም የሰብለን አባት የፊታውራሪ መሸሻን ንዴት፣ ሥርዓቱን የሚተቸውን የጉዱ ካሣን ሙግት ሰማ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ስለ «አንባቢ አስተያየት» ስንናገር ያልታሰበ ትልቅ ክፍል የገባው በጆሮው ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ያነበበውና ያዳመጠው የሚከራከርበት ነጥብም ይለያያል። መጽሐፉን ያነበበ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚያነሣው በጉዱ ካሣና በሥርዓቱ ላይ ነው። ቡና እየወቀጠ ያዳመጠው ቤት ደግሞ የሚጠይቀው ሰብለ ለምን ቀደም ብላ አልወጣችም የሚለውን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ የበሰለ ይመስለኛል፤ የሰብለን ዕጣ ከማዘን አልፎ ምርጫዋን ይመረምራልና። ፍጻሜዋ ገዳም መሆኑም አንዱን ወገን አጽናንቶ ሌላውን አስቆጥቶ እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

በዚያው በ1958 ዓ.ም. ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አወጣ፤ ሁለት ዐሥርተ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ወደ ቴዎድሮስ ዘመን ተመልሶ «የታንጉት ምስጢር»ን ጻፈ። ሁለቱን ርዕሶች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ብዙ ይናገራል፦ አንዱ ደራሲ፣ አንዱ ዘመን፣ ርዕሱ ግን ከንጉሥ ስም ወደ ሴት ስም ተሻገረ፤ ዕንባ የነበረውም ምስጢር ሆነ። የቴዎድሮስ ዘመን ለደራሲዎቻችን የማይነጥፍ ምንጭ ነው፤ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ» ወርዶበታል። ያ ሁሉ ቀለም ግን በጎንደርና በአካባቢው ላይ ፈሰሰ። የታሪክ ልብ ወለዳችን ዋና ዐይን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሸዋ ብዙም ሳይነሣ ኖሯል።

በእነዚሁ ዓመታት አንባቢው ራሱ ተለወጠ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ የካፋና የሞቻ ቋንቋ አንዱ ነበር፤ ትምህርቱም በግዕዝ ፊደል ነበር። በካፋ ገጠር ጎልማሳ ሴት በገዛ ቋንቋዋ ፊደል ስትቆጥር ይህ ከሮም እትም በኋላ የመጣ ሁለተኛው ታላቅ የንባብ ለውጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ከአብዮቱ በፊት ማንበብ የሚችለው ሕዝብ በመቶ ከዐሥር በታች ነበር።

ምስጢርን በራሱ የሚወድ አንባቢም በዚያው ዘመን በዛ። ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶቹ፣ ማሞ ውድነህም በስለላ ታሪኮች ትርጉሞቹ «ማን አደረገው?» የሚለውን ጥያቄ ለአማርኛ አንባቢ አስለመዱት። ይህ ልማድ ከከባዱ ሥነ ጽሑፍ ጋር የተገናኘው በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። የተገኘው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በእጅ ተገልብጦም ተነበበ። የመጽሐፉ ባለታሪክ ፊያሜታ ጊላይ የአስመራ ልጅ ናት፤ ፈራጅ የላትም፤ የምትወደውን ራሷ ትመርጣለች፤ ያለችበትንም ጦርነት ከጋዜጠኛው ጸጋዬ ይልቅ አጥርታ ታውቀዋለች። በመጨረሻ ግን ትገደላለች። «ኦሮማይ»ን የሚያስታውስ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው የደራሲውን መጥፋት ነው፤ ያ ሐዘን የፊያሜታን ጉዳይ ለብዙ ዓመት ሸፍኖታል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በዓለም ገበያ ከወጣ በኋላ አዲስ አንባቢ ወደ እርሷ ተመልሶ መጠየቅ መጀመሩ ተገቢ ነው።

እስካሁን ያየናቸውን ሦስት ሴቶች ፍጻሜ እንያቸው፦ ሠርግ፣ ገዳም፣ መቃብር። ራሷን የቻለች ሴት የምትሄድበትን መንገድ ደራሲዎቻችን በሚገባ ያውቁታል፤ ከተጓዘች በኋላ የት እንደምትኖር ግን ለረዥም ጊዜ አላወቁም።

የቅድመ ሕትመት ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ሲቀር መጽሐፍ በዛ፤ ጂኦግራፊውም ሰፋ። ፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን ይዞ ሐመር ሲወርድ አዲስ አበባ ያለው አንባቢ ደቡቡን በልብ ወለድ ማየት ጀመረ፤ ታዳሚውም ብዙ ነበር። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ ደቡብ እንግዳ መጥቶ የሚደነቅበት አገር ሆኖ ቀረበ። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ደግሞ ወጣቱ ታሪክን እንደ ተቆለፈ ሣጥን ማንበብ ወደደ፤ ገዳም፣ ሐይቅ፣ የጥንት ጥበብ፣ የስለላ ድርጅት በአንድ ላይ ገቡ። መጽሐፉ ተደጋግሞ ታተመ፤ መሰሎቹም ተከታተሉ። ይህ ማዕበል ለምስጢር የሰጠውን ያህል ቦታ ለሴት አልሰጠም። በብዙዎቹ ውስጥ ቁልፉን የምትይዘው አልፎ አልፎ ሴት ናት፤ በሩን የሚከፍተው ግን ወንድ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት አንባቢው ማን እንደ ሆነ ነው። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በ1997 ዓ.ም. ማንበብ የሚችሉት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች 29 በመቶ፣ ወንዶች 59 በመቶ ነበሩ። በ2003 ሴቶቹ 38፣ ወንዶቹ 65 ደረሱ፤ በ2008 ደግሞ 42 እና 69። ሁለቱም ወጥተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን በ11 ዓመት ውስጥ ከ30 ወደ 27 ብቻ ነው የጠበበው። በካፋ ላይ ብናመጣው ነገሩ ይከብዳል፦ በ1999ኙ ቆጠራ ዞኑ 875 ሺህ ገደማ ሕዝብ ሲኖረው ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው፤ ከተማ የሚኖረውም ከመቶ ስምንት አካባቢ ነበር። ቦንጋ ራሷ በ1987 ከነበራት 11 ሺህ ገደማ ነዋሪ በ1999 ወደ 21 ሺህ አድጋለች። የመጽሐፍ ገበያ በከተማ ስለሚኖር ገጠር ያለችው አንባቢ የምትደርስበት ገና በስልክ በሚደመጥ ትረካ ነው፤ በዚህ በኩል ወጋየሁ የከፈተው መንገድ እየቀጠለ ነው።

በውጭው ዓለም ይህ ዐይነቱ ልብ ወለድ የራሱ ሰፊ አንባቢ ካገኘ ቆይቷል። ኤልዛቤት ፒተርስ በሚል የብዕር ስም ትጽፍ የነበረችው የግብፅ ጥንተ ታሪክ ምሁር ባርባራ ሜርትዝ እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረችው ተከታታይ መጽሐፍ ጀግና፣ አሚሊያ ፒቦዲ፣ ጥላዋን ይዛ በመቃብር ፍርስራሽ መካከል ወንጀለኛ ታድናለች። ይህች ሴት አንባቢን የማረከችው በራሷ ገንዘብና በራሷ አፍ ስለምትኖር ነው፤ ግብፃውያኑ ግን በታሪኳ ዳር ላይ ቆመዋል የሚለው ወቀሳም አብሯት ይነሣል። ወደ እኛ ቅርብ የሆነው የመዓዛ መንግሥቴ «የጥላው ንጉሥ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ወጥቶ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ እጩዎች አንዱ ሆኗል። ባለታሪኳ ሂሩት የቤት አገልጋይ ሆና ትጀምራለች፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ትዋጋለች፤ ከዚያም ትተርፋለች። ከዐርባ ዓመት ገደማ በኋላ በአብዮቱ ዋዜማ የፎቶግራፍ ሣጥን ይዛ አዲስ አበባ ስትገባ እናገኛታለን። ከሠርግ፣ ከገዳምና ከመቃብር በኋላ አራተኛው ፍጻሜ መጣ፦ ምስክርነት። ደራሲዋ ቅድመ አያቷ ራሷ ዘማች እንደ ነበረች ያወቀችው ይህን መጽሐፍ በምትጽፍበት ጊዜ መሆኑ፣ እንዲህ ያለች ሴት ከምኞት እንዳልተፈጠረች ያስረዳል። የሸዋረገድ ገድሌን የውስጥ አርበኝነትና እስራት ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም።

አሁን ወደ ካፋ እንመለስ፤ ምክንያቱም የቦንጋ አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት ሁሉ ሲያነብ የሌላውን አገር ታሪክ እያነበበ ነው። የራሱ ታሪክ ግን ለምስጢር ልብ ወለድ የተሠራ ይመስላል። ጋኪ ሸሮቾ ጎጀብን ሲሻገር የወርቅ ቀለበቱን ወደ ወንዙ ጣለ ይባላል። ዘውዱ በምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። በጥልቅ ቦይና በበር የተጠበቀ ድንበር፣ ሚክሬቾ የሚባል የሰባት አማካሪዎች ሸንጎ፣ ከሞት የተረፈ ንጉሥ በሰንሰለት ታስሮ እስከ 1911 ዓ.ም. በእስር መኖሩ፤ ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ፍሪድሪሽ ቢበር በጀርመንኛ ሁለት ቅጽ ጽፎበታል፤ በቀለ ወልደማርያምም በ1996 ዓ.ም. የካፋ ሕዝቦችንና መንግሥታትን ታሪክ በአማርኛ አቅርቧል። ለደራሲ የሚበቃ ፍሬ ነገር አለ።

በእነዚህ መዛግብት ፊት የሚቆመው የነገሥታቱ ዝርዝር ነው፤ ሴቶቹን መፈለግ የልብ ወለድ ሥራ ይሆናል። ጋኪ ወራቱን ሁሉ በጫካ ሲያሳልፍ ስንቁን ያደረሰው ማን ነው? የመሸሸጊያውን መንገድ የሚያውቅ ስንት ቤት ነበር? ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ በኋላ በባርነት ከተነዱት ብዙ ሺዎች መካከል ስሟን ለውጣ፣ ቋንቋዋን ደብቃ፣ በሌላ ቤት ውስጥ የኖረች ሴት የምትፈልገው ማንን ይሆን? ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ እንዲህ ያለችው ሴት ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ተነሥታ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በምትቆም ታሪክ ውስጥ ልትኖር ትችላለች። ጦቢያ በፈቃዷ ማንነቷን ደበቀች፤ ይህችኛዋ ግን ተገዳ ነው፤ ስለዚህ ምስጢሩ ከማንነቷ መገለጥ በኋላም አያልቅም። ደግሞም የካፋ ታሪክ ሲጻፍ ለዘመናት የተገፋው የማንጆ ማኅበረሰብ ከደጅ ከቀረ፣ የቦንጋ አንባቢ መጽሐፉን እንደ ሙሉ አይቀበለውም፤ መቀበልም የለበትም።

የሚቀረው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በ1971 በግዕዝ ፊደል የተማሩት እናቶች የልጅ ልጆች የካፋን ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖን፣ በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛን ደግሞ በግዕዝ ያነባሉ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቦንጋ መቀመጫ የሆነችለት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም በአማርኛ ይሠራል። ልብ ወለዱ በአማርኛ ቢወጣ ገበያው ሰፊ ነው፤ ከጎንደር እስከ ዋሽንግተን ይነበባል። እኔ ግን መጀመሪያ በካፊ ኖኖ ቢወጣና ተርጓሚው በኋላ ቢመጣ እመርጣለሁ፤ የካፋን መንግሥት ውድቀት ያየው ትውልድ ልጆች ለልጆቻቸው የተናገሩት በዚያ ቋንቋ ስለሆነና ሴቶቹ በነገሩ ውስጥ የት እንደ ነበሩ ያስታወሰው ያ ቃል ስለሆነ። ያን ቃል አሁንም የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው፤ መቅጃው ጊዜም እነርሱ ባሉበት ነው።