የካሲያስ ልብና የደጋፊው ደም

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2019 የፖርቶ ተጫዋቾች እንደወትሮው ልምምድ ላይ ነበሩ። ግብ ጠባቂው ኢከር ካሲያስ ግን ልምምዱን መጨረስ አልቻለም። ሆስፒታል ሲደርስ የተነገረው ነገር የኳስ አፍቃሪውን ሁሉ አስደነገጠ፤ ሃርት አታክ! ዕድሜው ገና 37 ነበር። ደግነቱ ቶሎ ተደረሰለት። ሐኪሞቹ የተዘጋውን የልብ ደም ቧንቧ በስቴንት ከፈቱለትና ከአምስት ቀን በኋላ በእግሩ እየሄደ ወጣ።

ካሲያስ ማለት እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫን በአምበልነት ያነሳ፣ ከሪያል ማድሪድ ጋር ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሮጠ፣ የክለብ ሐኪም ሲመረምረው የኖረ። "ስፖርተኛን ልብ አይነካውም" የሚሉ ሰዎች ታዲያ ምን ይበሉ?

ነገሩ የሚጀምረው ከደም ነው። ደም ባይረጋ ኖሮ ተጫዋች አንድ ጊዜ ጉልበቱ ተልጦ ደሙ ፈሶ ባለቀ ነበር። ቁስል ሲኖር ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ይሰበሰባሉ፤ ጉበት የሚያመርተው ፋይብሪኖጅን ደግሞ ወደ ክር ይለወጥና እንደ ግብ መረብ ያስራቸዋል። ችግሩ ይኸው ሥራ ያለቦታው ሲሠራ ነው። በልብ ደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመው ስብ ድንገት ይሰነጠቃል። ሰውነት "ቁስል ነው" ብሎ ደሙን እዚያው ያረጋል። ቧንቧው ይደፈናል፣ ልብም ደም ያጣል። ብዙው ሃርት አታክ የሚመጣው እንዲህ ነው።

የደምን የመርጋት ዝንባሌ በላቦራቶሪ ማየት ይቻላል። የፋይብሪኖጅን ጤናማ መጠን በዴሲ ሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የ31 ጥናቶች ውጤት በአንድ ላይ ሲታይ፣ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች ተካተውበት፣ ፋይብሪኖጅናቸው ከፍ ያለ ሰዎች በልብ ሕመምና በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸውም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሌላው ዲ ዳይመር ይባላል፤ የረጋ ደም ሲሟሟ የሚተርፍ ቁራጭ ነው። እሱ ከፍ ካለ የሆነ ቦታ ደም ረግቶ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል።

"ሊሆን ይችላል" ነው እንጂ "ነው" አይደለም። ዲ ዳይመር በኢንፌክሽንም፣ በእርግዝናም፣ በከባድ ሩጫም ይጨምራል። ሐኪሞች በብዛት የሚጠቀሙበት እግር ወይም ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ፋይብሪኖጅንም ቢሆን ምልክት እንጂ ራሱ ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል፤ የዘር ጥናቶች ራሱን ችሎ የልብ ሕመም ማምጣቱን አላረጋገጡም። ሲጋራ ግን ፋይብሪኖጅንን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ አያከራክርም። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ገንዘቡን ለእነዚህ ምርመራዎች ከማውጣቱ በፊት ደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ኮሌስትሮሉን ቢለካ ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ የተጫዋቾች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ሙኒክ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ ሐኪሞች በከተማዋና በአካባቢዋ ለድንገተኛ የልብ ችግር የተጠሩባቸውን ታማሚዎች ቆጠሩ። የጀርመን ቡድን በተጫወተባቸው ቀናት ቁጥሩ ከሌላው ጊዜ 2.66 እጥፍ ሆነ። በወንዶች ከሦስት እጥፍ አለፈ። የበዛውም ጨዋታው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ቀድሞም የልብ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። በኋላ ደማቸው ሲመረመር ደም ሥርን የሚያጠብበው ኢንዶቴሊን ከሌሎች የልብ ታማሚዎች እንኳ በልጦ ተገኘ። ንዴትና ጭንቀት አድሬናሊንን ይለቃል፤ አድሬናሊን ደግሞ ፕሌትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ያ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ደሙ ግን እየተጫወተ ነበር ማለት ነው።

የእኛ ሰው ደግሞ ኳስ ሲያይ ሲጋራው ብቻ አይደለም፣ ጫቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የየመን ጥናት ቃሚዎችን ሃርት አታክ የሚይዛቸው በብዛት ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በመቃሚያው ሰዓት መሆኑን አሳይቷል። የሌላው ሰው በብዛት ጠዋት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ የፕሪሚየር ሊጉም ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል።

ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር... እነዚህ ከመጡ "ጨዋታው ይለቅና" አይባልም። የተዘጋ ቧንቧ ጭማሪ ሰዓት አይሰጥም፤ በየደቂቃው የሚሞተው የልብ ጡንቻ ነው። ካሲያስን ያተረፈው ወዲያው ሆስፒታል መድረሱ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን በይፋዊ ጨዋታ ግብ ጠብቆ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 ጓንቱን መስቀሉን አስታወቀ።