የትምህርት ቤቱ ፕላን ሲነደፍ መምህርቷና እናት የት ናቸው?

አንድ ቤተሰብ ቤት ለመሥራት ሲነሣ ባልና ሚስት አስቀድመው ይመካከራሉ። በሩ ወዴት ይዙር? ጭሱ በየት በኩል ይውጣ? ልጆች የት ይተኙ? እንግዳ የት ይቀመጥ? ከብቱስ የት ይደር? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ምሰሶ የሚተክል አባወራ፣ ዝም ብላ የምታይ እማወራም አትገኝም። የሚኖሩበት እነርሱ ናቸውና።

የልጆች ሁለተኛ ቤት የሆነው ትምህርት ቤት ሲሠራ ግን ይህ ምክክር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ገንዘብ ይዋጣል፣ ድንጋይና አሸዋ ይቀርባል፣ ፕላኑ ተሠርቶ ይመጣል፣ ግንበኛው ሥራውን ይጀምራል። መምህርቷ ክፍሉን የምታየው ቁልፍ ስትረከብ ነው። እናት ደግሞ የምታየው ልጇን ለማስመዝገብ ስትሄድ ነው። በዚያን ጊዜ ጉድለት ቢገኝ ማን ሊያርመው ይችላል? አንድ የመማሪያ ሕንፃ ከቆመ 30 እና 40 ዓመት ያገለግላል። እናት የተማረችበት ክፍል ውስጥ ልጇም፣ ምናልባትም የልጅ ልጇ ትማርበታለች ማለት ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተባለውን ንቅናቄ ከጀመረ ወዲህ ወላጆች፣ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ለትምህርት ቤቶች እድሳትና ግንባታ እንዲያዋጡ ተጠይቀዋል። ወላጅ የሚያዋጣው ገንዘብ ከጓዳው የተቀነሰ ነው። ስለሆነም «ስንት ክፍል ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ አይደለም። «ምን ዓይነት ክፍል? ለማንስ የሚመች?» ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

አረካን እንውሰድ

ከወላይታ ሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አረካን በምሳሌነት እንመልከት። አካባቢው የእንሰት አገር ነው፤ የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከልም በእንሰት ምርምሩ ይታወቃል። ዝናቡ ብርቱ፣ አፈሩ ቀይ፣ ሕዝቡም ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ ነው። በገጠሩ የሚታየው ነባሩ የወላይታ ቤት ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ፣ ጣሪያው ከፍ ብሎ የሾለ ነው። ከፊቱ ሣር የለበሰ ሜዳ፣ ከጓሮው የእንሰት ተክል አለው። የሣሩ ክዳን የቀን ሐሩርን ያበርዳል፣ የሌሊት ቅዝቃዜን ይከላከላል፣ የዝናብ ድምፅንም ይውጣል። ይህን ቤት የሠሩት ሰዎች የአርክቴክት ዲፕሎማ አልነበራቸውም። ነገር ግን ማን እንደሚኖርበት፣ ምን ዓይነት ዝናብ እንደሚዘንብበት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በእንዲህ ያለ አካባቢ አዲስ የመማሪያ ሕንፃ ሊሠራ ነው እንበል። ንድፍ አውጪው ባለሙያ መምህራንንና እናቶችን ሰብስቦ ቢጠይቅ ምን ይሰማ ነበር?

በመጀመሪያ ስለ ዝናብ ይነገረዋል። ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ ሲመታ ክፍሉ ከበሮ ይሆናል። መምህርቷ ጮኻ ጮኻ ድምፅዋ ይዘጋል፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ አንዳች ነገር አይሰማም። ዝናቡ እስኪያባራ ትምህርቱ ይቆማል። ይህ የሚሆነው በዓመት አንድ ቀን ሳይሆን በበልግና በክረምት መግቢያ ደጋግሞ ነው። መሐንዲሱ ኮርኒስን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ወጪ ለመቀነስ ቢሰርዘው አይፈረድበትም፤ ክፍሉን የሚጎበኘው በብራ ቀን ነውና። የኮርኒስን ዋጋ የምታውቀው ድምፅዋ የሚዘጋው መምህርት ናት። ከቀርከሃ የተሠራ ምንጣፍ እንኳ ከቆርቆሮው በታች ቢወጠር ድምፁንም ሙቀቱንም ይቀንሳል።

ሁለተኛው የብርሃን ጉዳይ ነው። የቀን ብርሃን በመስኮት ገብቶ በደንብ የሚያገለግለው ከመስኮቱ አናት ከፍታ ሁለት እጥፍ ለሚሆን ርቀት ነው ይላሉ ባለሙያዎች። የመስኮቱ አናት ከወለል 2.4 ሜትር ቢሆን ብርሃኑ 5 ሜትር ያህል ይደርሳል። ክፍሉ 7 ሜትር ስፋት ኖሮት መስኮቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ከማዶው ግድግዳ ሥር የተቀመጡት ልጆች በደመናማ ቀን ዓይናቸውን አጥብበው ይጽፋሉ። በሁለቱም ወገን መስኮት ቢኖር ብርሃኑም አየሩም ይዳረሳል። ከሰሌዳው አጠገብ ያለ መስኮት ደግሞ ሰሌዳውን ያብለጨልጫል፤ ልጆች ፊደሉን ሳይሆን ነጸብራቁን ያያሉ። የሕንፃው ረጅም ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞሩ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በልጆች ዓይን ውስጥ አይገባም። የሕንፃውን አቅጣጫ መምረጥ ብዙ ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅ ነው። የሚጠይቀው አስቀድሞ ማሰብን ነው።

ሦስተኛው የቦታ ስፋት ነው። በአገራችን መመዘኛ የአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል የሚይዘው 50 ተማሪ ነው። 7 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ክፍል 56 ካሬ ሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ከ1 ካሬ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ ይደርሰዋል። በዚያው ክፍል 80 ልጅ ቢገባ ግን ድርሻው 0.7 ካሬ ሜትር ይሆናል። መምህርት በዴስኮቹ መካከል ማለፍ ካልቻለች የኋለኛውን ልጅ ደብተር ማየት አትችልም። የመማር ማስተማሩ ዘዴ ልጆች በቡድን ሆነው እንዲወያዩ ያዛል። ዴስኩ ግን ሦስት አራት ልጆችን በአንድ መስመር አስሮ፣ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ ብቻ ካዞረ መምህርቷ መመሪያውን በምን ትፈጽመው? እንግዲህ ዘዴውን የሚያውቀው መምህር ከዴስክና ከክፍል ንድፍ አውጪው ጋር ካልተገናኘ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል።

የዴስኩ ከፍታም እንዲሁ ነው። የ7 ዓመት ልጅ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ክርኑ ከትከሻው እኩል ሆኖ ሲጽፍ የሚውል ከሆነ ጽሑፉ ይጠማል፣ ጀርባው ይደክማል። የመጀመሪያ ክፍል ዴስክ የስምንተኛ ክፍል ዴስክ ሊሆን አይገባውም። ለአንድ ልጅ የሰፋነውን ዩኒፎርም ለታላቁ እንደማናለብሰው ሁሉ ማለት ነው።

ወለሉና መጸዳጃው

የወላይታ እናቶች ሳይጠየቁ ሊታለፍ የማይገባው አራተኛ ጉዳይ ወለል ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለብዙ ዓመት መመላለስ የእግር ዝሆኔ በሽታን እንደሚያመጣ በሕክምና ተረጋግጧል፤ ወላይታም በሽታው ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። የአፈር ወለል ለሙጃሌም መራቢያ ነው። ስለዚህ የሲሚንቶ ወለልና በግቢው ውስጥ የእግር መታጠቢያ ውኃ ለአረካ ልጅ የጤና ጥበቃ ነው። ጫማና መታጠብ በሽታውን እንደሚከላከሉ የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። የአዲስ አበባ ንድፍ አውጪ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ የአካባቢው እናትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ያውቃሉ።

አምስተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የሚብሰው የሴት ልጆች መጸዳጃ ነው። በፕላኑ ላይ «መጸዳጃ ቤት» ተብሎ በአንዲት አራት ማዕዘን ይሳላል። ግን የት ነው? ከወንዶቹ ጋር ግድግዳ ይጋራል? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ውኃ አለው? የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ልብሷን የምትለዋውጥበት፣ የተጠቀመችበትን የምትጥልበት ስፍራ አለ? ከሌለ ልጅቷ በእነዚያ ቀናት ቤቷ ትቀራለች። በወር 3 የትምህርት ቀን ብትቀር በ10 ወር 30 ቀን ይሆናል፤ ይህ የስድስት ሳምንት ትምህርት ነው። ከዚያ ፈተና ይመጣል፣ ውጤቱ ይወርዳል፣ «ልጅቷ ትምህርት አልሆነላትም» ይባላል። ጥፋቱ ግን የልጅቷ ሳይሆን የአንድ ቁልፍና የአንድ ቧንቧ ነበር። ይህን ጥያቄ በስብሰባ መካከል ወንድ መሐንዲስ ላያነሣው ይችላል፤ ሴት ተማሪዎችም ያፍራሉ። ስለዚህ ሊያነሡት የሚገባቸው መምህርቷና እናቶች ናቸው።

አገራችን ያለፈችበት ልምድ

የሕንፃ ባለሙያና የትምህርት ሰው ተባብረው መሥራታቸው ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ክፍል ተቋቁሞ፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታና በየአካባቢው ሕዝብ መዋጮ በአገሪቱ በሺህ የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ተሠርተዋል። ዋናው ዘዴ ቀላልና ርካሽ የሆነ ወጥ ፕላን ማውጣት ነበር። ፕላኑ አንድ በመሆኑ ሥራው ፈጠነ፣ ዋጋው ቀነሰ፣ ትምህርት ቤት አይተው ለማያውቁ ልጆችም በር ተከፈተ። ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ሆኖም ወጥ ፕላን የራሱ ችግር አለው። ለቆላ የተመቸው ለደጋ ይበርዳል፤ ለደረቅ አገር የበቃው የጣሪያ ክፈፍ ለወላይታ ዝናብ ያጥራል፣ ውኃውም ግድግዳውን ይመታዋል። ወጥ ፕላን ጠቃሚ የሚሆነው የአካባቢው ሰው «ይህችን እንዲህ አድርጉልን» ብሎ ሊያርመው ሲችል ነው።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ አምስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ እንደነበረ ይታወሳል። ያን ጊዜ ሰው በዛፍ ጥላ ሥርም ተምሯል። ለመማር ቤት ግድ አይደለም የሚል ካለ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዛፉ ብርሃንና አየር ነበረው። ከዛፍ ጥላ የባሰ ክፍል ለመሥራት ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

የሌሎች አገሮች ምሳሌ

በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ዊኔትካ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940 የተከፈተው የክሮው አይላንድ ትምህርት ቤት ሲነደፍ፣ ከአርክቴክቶቹ አንዱ ሚስተር ላሪ ፐርኪንስ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መምህራኑና ልጆቹ እንዴት እንደሚውሉ አጥንተዋል። የትምህርት ቤቶቹ ባልደረባ ፍራንሲስ ፕረስለር ደግሞ ሕንፃው ለልጆች ምን ስሜት ሊሰጥ እንደሚገባው ለአርክቴክቶቹ ደብዳቤ ጽፈዋል። ውጤቱም ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መጸዳጃና ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ሆነ፤ የአዳራሹም ወንበሮች ከፊት ለትንንሾች አንሰው፣ ወደ ኋላ ለትልልቆች ከፍ እያሉ ተሠሩ።

በእንግሊዝ አገር ወይዘሮ ሜሪ ሜድ የተባሉት አርክቴክት ከባለቤታቸው ከዴቪድ ሜድ ጋር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ነድፈዋል። እርሳቸው ንድፍ የሚጀምሩት ከመምህራን ጋር በመነጋገርና የልጆችን ውሎ በመመልከት ነበር።

ከእኛ ኑሮ ጋር የሚቀርበው ግን የቡርኪና ፋሶው ነው። ሚስተር ፍራንሲስ ኬሬ ትምህርት ቤት ባልነበረበት በጋንዶ መንደር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ለመማር ከወላጆቻቸው ተለዩ። ጀርመን አገር አርክቴክቸር ሲያጠኑ ገንዘብ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2001 ለመንደራቸው ትምህርት ቤት ሠሩ። ግድግዳው ከመንደሩ ሸክላ አፈር በጡብ ተሠራ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ከኮርኒሱ ተለይቶ ከፍ በማለቱ ሙቀቱ በመካከሉ ይወጣል። የመንደሩ ወንዶችና ሴቶች በሥራው ተካፈሉ። ሚስተር ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት በመቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው አርክቴክት ሆኑ። ለዚያ ክብር ያበቃቸው መንገድ የተጀመረው በዚያች የመንደር ትምህርት ቤት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት አለ። በቀበሌም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ። እናቶች በእነዚህ ውስጥ የሚቀመጡት መዋጮ ለመሰብሰብና ለበዓል ቡና ለማፍላት ብቻ መሆን የለበትም። ግንባታ ሲታሰብ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት በስብሰባ ላይ እንዲገለጥ ይጠይቁ። የፕላን መስመሮችን ማንበብ ያስቸገራት እናት ብትኖር አታፍር፤ ባለሙያው በግቢው ውስጥ በካስማና በገመድ ክፍሉን በቁሙ እንዲያሳያት ትጠይቀው። በገመዱ መካከል ቆማ «ልጄ እዚህ ትቀመጣለች፤ በየት በኩል ታያለች? በየት ትወጣለች?» ብላ ትጠይቅ።

መምህራንም የሚፈልጉትን «የተሻለ ክፍል» ብለው በደፈናው ከማለት ይልቅ በዝርዝር ይጻፉት፤ ስንት ልጅ፣ በምን ዓይነት አቀማመጥ፣ መጻሕፍቱና መርጃ መሣሪያው የት እንደሚቆለፉ፣ በዊልቸር የሚመጣ ልጅ በየት እንደሚገባ። በ1999 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናም የመምህርነትም ተማሪዎች ስላሉት፣ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ማገናኘት ለአካባቢው ሩቅ አይደለም። ባለሙያውም ቢሆን ሥራው ግንባታው ሲያልቅ እንዳላለቀ ይቁጠር። ከአንድ ዓመት በኋላ በዝናብ ቀን ተመልሶ፣ ከመጨረሻው ዴስክ ተቀምጦ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢማር የሚቀጥለውን ፕላን የተሻለ አድርጎ ይነድፋል።

በወረቀት ላይ ያለ መስኮትን ለማዛወር ላጲስ ይበቃል። የተገነባ ግድግዳን ለማፍረስ ግን ዳግመኛ መዋጮ ያስፈልጋል፤ ያም ባይሆን ልጆቻችን በጨለማው ጥግ ይቀመጣሉ። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ የመዋጮው ደረሰኝ ሲቆረጥላችሁ «ፕላኑንስ መቼ እናያለን?» ብላችሁ ጠይቁ።