የፍየል ጠጉር፣ ዶቃና መንጠቆ

ከጫንጮ ወደ ደርባ የሚታጠፈውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ሜዳው አልቆ የሙገር ገደል አፉን ሲከፍት ያያል። ላይ ደጋ ነው፣ ታች ቆላ። የአካባቢውን ጅረቶች የሚሰበስበው ስቢሉ ወንዝም ወደዚያው ይወርዳል፤ ሙገር ይገባል፣ ሙገር ደግሞ ዓባይ ይገባል። ታች ወርዶ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። አንድ ዘንግ፣ ናይለን ክር፣ መንጠቆና ትል ካለው በቂው ነው። አምባዛም ቢሆን ትል አይንቅም።

እኔ የማስተዋውቀው ግን ትል የማይፈልገውን መንጠቆ ነው። በላባ፣ በጠጉርና በክር ተጠቅልሎ ዓሣውን የሚያታልለው ይህ መንጠቆ በዓለም አጥማጆች ዘንድ ፍላይ፣ ማለትም ዝንብ፣ ይባላል። ዕድሜው ረጅም ነው። ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት ኤሊያን የተባለ የሮም ጸሐፊ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጉር ጠቅልለው፣ ከአውራ ዶሮ ማንቁርት ሥር የሚወጡ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎች እንደሚያስሩበት ጽፏል። የእነሱ ዝንብ እውነተኛ ዝንብ ለመምሰል የተሠራ ነበር። ዛሬ ከሚታሠሩት መካከል ግን በጣም የሚያስገርሙኝ ነፍሳትን የማይመስሉት ናቸው። እነዚህ የሚመስሉት ፋብሪካ የሠራውን ሌላ ማታለያ ነው፤ ጂግንና ለስላሳውን የፕላስቲክ ትል።

ጂግ ጭንቅላቱ ላይ እርሳስ የፈሰሰበት መንጠቆ ነው። ዘንጉን ቀና ሲያደርጉት ይዘላል፣ ሲለቁት በጭንቅላቱ ይሰምጣል። ቆስሎ መዋኘት ያቃተው ትንሽ ዓሣም የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ አዳኝ ዓሣ አይቶ አያልፈውም። በዚህ እርሳስ ጭንቅላት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰካው ለስላሳ ፕላስቲክ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሪም የተባለ አሜሪካዊ ኦሃዮ ውስጥ፣ አክረን ከተማ፣ ከባለቤቱ ጋር ማድቤት ገብቶ ፕላስቲክ አፍልቶ በትል ቅርጽ አወጣው። ከዚያ ወዲህ እንሽላሊቱም፣ ሸርጣኑም፣ ጅራቱ የሚጠማዘዘው ትንሽ ዓሣም በፕላስቲክ ተሠርቶ ገበያውን ሞላው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ በላባ ማስመሰል ለምን አስፈለገ? መልሱ አወራወሩ ላይ ነው። በተለመደው ዘንግ ክሩ ቀጭን ነው፤ ማታለያው በክብደቱ ክሩን እየጎተተ ይሄዳል። በዝንብ ዘንግ ነገሩ ይገለበጣል። ክሩ ወፍራምና ከባድ ስለሆነ የሚወረወረው ራሱ ክሩ ነው፤ ዝንቧ ተከትላ ትሄዳለች። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ጉልበቱ ከእጅ ተነሥቶ በገመዱ እየተላለፈ ምንም ክብደት የሌለውን ጫፍ ያስፈነጥረዋል። ጫፉ ላይ ድንጋይ ቢያስሩበት ግን ጅራፉ ጅራፍነቱ ይቀራል። በዝንብ ዘንግ 7 ግራም ጂግ ለመወርወር የሚሞክር ሰው የሚደርስበትም ይኸው ነው፤ ክሩ መሐል አየር ላይ ይታጠፍና እርሳሱ አንዳንዴ የወርዋሪውን ማጅራት ያገኘዋል።

ስለዚህ የዝንብ አሣሪው ጥያቄ የጂግን አካሄድ ያለ ጂግ ክብደት እንዴት ማምጣት ይቻላል የሚል ነው። የተቀረው ጥበብ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከመልሶቹ ሁሉ ዝነኛው የአሜሪካዋ ፔንስልቬንያ ሰው የቦብ ክላውዘር ነው። ሰውየው በሱስኩዌሃና ወንዝ ባስ የተባለውን አዳኝ ዓሣ ለማጥመድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቀላል ነገር ሠራ። በግራና በቀኝ ሁለት ዓይን የሚመስል ትንሽ የብረት ጥንድ መንጠቆው ወገብ ላይ አሰረና ፊትና ኋላውን የአጋዘን ጅራት ጠጉር ደረበበት። ስሙን ያወጣለት ሌፍቲ ክሬ የተባለው ዕውቅ አጥማጅ ነው፤ ክላውዘር ዲፕ ሚኖው አለው። ብልሃቱ ያለው ብረቱ በታሰረበት ቦታ ነው። ክብደቱ በመንጠቆው ጀርባ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ሲገባ መንጠቆው ይገለበጥና ሹሉ ወደ ላይ ይሆናል። ወደ ታች ያልዞረ ሹል ድንጋይና ሥር አይዝም። እንደ ሙገር ባለ ድንጋያማ ወንዝ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወግ አጥባቂ አጥማጆች «ይህ ጂግ እንጂ ዝንብ አይደለም» ብለው አጉረምርመዋል፤ ዛሬም ያጉረመርማሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። እኔ የምለየው ግን በአወራወሩ ነው፤ ክሩ ከተሸከመው ዝንብ ነው፣ ክሩን ከጎተተው ጂግ ነው።

ሌላው መልስ ብረት እንኳ አይፈልግም፤ ለስላሳ ላባ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 ያው ፔንስልቬንያ ውስጥ ራስል ብሌሲንግ ዉሊ በገር የተባለውን ዝንብ አሰረ። ጅራቱ ማራቡ በሚባል፣ ውኃ ሲነካው እንደ ሕያው ነገር በሚንቀሳቀስ ላባ የተሠራ ነው። ማራቡ የሚባለው ወፍ ደግሞ የእኛው አባ ኮዳ ነው! ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ የሚውለው፣ በመልኩ ማንም የማያደንቀው ራሰ በራ። ድሮ ላባው የሚነቀለው ከእሱና ከዘመዶቹ ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው የቱርክ ዶሮ ላባ ነው፤ አባ ኮዳም በሰላም ይኖራል።

እኛ ዘንድ ቱርክ ዶሮ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን በየበዓሉ የሚጣለው የዶሮ ላባ ውስጥ ሥራውን የሚሠራ አለ። ከጅራቱ ሥር፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ያለው፣ ትንፋሽ የሚያንቀሳቅሰው ለምለም ላባ ነው። የአውራው የአንገት ላባ ደግሞ መንጠቆው ላይ ዙሪያውን ሲጠቀለል እንደ እግር ይዘረጋል። ለአጋዘን ጠጉር ምትክ የሚሆነው የፍየል ጠጉር ነው። ረጅሙን፣ የጢሙን ወይም የጀርባውን፣ መምረጥ ይበጃል፤ ጫፉም በመቀስ ያልተነካ መሆን አለበት። በተፈጥሮው እየቀጠነ የሚሄደው ጫፍ ነው የሚወዛወዘው፤ የተቆረጠ ጠጉር ቀጥ ብሎ ይቀራል። ለመሲንቆና ለዝንብ ማባረሪያ የሚሆነው የፈረስ ጭራ ጠንካራ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይደርቃል። ክሩ የሚታሸው በሰም ነው። የንብ ሰም በብዛት በምታመርት አገር ይህን ከውጭ ማስመጣት ያሳፍራል።

ለስላሳውን ፕላስቲክ ለመምሰል በስሱ የተፋቀ የበግ ሌጦ ይሻላል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ጓንት ሠሪዎች ዘንድ ይፈለጋል። 3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ረጅም ጥብጣብ ተቆርጦ ከመንጠቆው ጀርባ ሲታሰር ርሶ እንደ ትል ይጥመለመላል። ጉዳቱ ውኃ መጠጣቱ ነው፤ ከጥቂት ውርወራ በኋላ ይከብዳል፣ ያው የጂግ ችግር ተመልሶ ይመጣል። ጅራታቸው ተንሳፍፎ ወንዝ ሥር ቀጥ ብለው የሚቆሙ የፕላስቲክ ትሎችም አሉ። እነሱን ለመምሰል ከተጣለ ሲሊፐር ሶል ቀጭን ዘንግ ቆርጦ ማሰር በቂ ነው፤ ስፖንጁ ጅራቱን ያነሳል፣ ብረቱ ጭንቅላቱን መሬት ያስይዛል።

ከእነዚህ ለጀማሪ የማሳየው የክላውዘርን ዓይነት ነው። 4 ወይም 6 ቁጥር መንጠቆ ትንሽ ሞርሳ ላይ ይጠበቃል። ሰም የታሸ ክር ከመንጠቆው ቀዳዳ ጀምሮ ተጠጋግቶ ይጠመጠማል። ለዓይን የሚሆነው የእጅ መታጠቢያ መክደኛ የሚንጠለጠልበት ባለዶቃ ሰንሰለት ነው፤ ሁለት ዶቃዎች ሳይነጣጠሉ በፒንሳ ይቆረጣሉ። ከቀዳዳው የመንጠቆውን ርዝመት ሩብ ያህል ወደ ኋላ ገባ ብለው፣ በመንጠቆው ጀርባ ላይ ተጋድመው ይቀመጣሉ። ክሩ በዶቃዎቹ መሐል እየተመሳቀለ ደጋግሞ ይዞራል። ዶቃዎቹ በጣት ሲገፉ ከዞሩ ገና ናቸው፤ ጠንከር ሲሉ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ይጨመራል።

ከዚያ ነጭ የፍየል ጠጉር፣ ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ፣ ከዶቃዎቹ ፊት ይታሰርና በመሐላቸው ተስቦ ከኋላቸው እንደገና ይታሰራል። አሁን መንጠቆው ሞርሳው ላይ ይገለበጣል፤ ቡናማው ወይም ጥቁሩ ጠጉር በሌላው ጎን፣ ከዶቃዎቹ ፊት ብቻ ታስሮ ሹሉን ይሸፍናል። ውኃ ውስጥ ነጩ ሆድ፣ ጥቁሩ ጀርባ ይሆናል። ጭንቅላቱ በክር ይደመደምና ቋጠሮው በሙጫ ይዘጋል። ጀማሪ ሁሉ የሚስተው አንድ ቦታ ነው፤ ጠጉር ያበዛል። የተትረፈረፈ ጠጉር ውኃውን ይዞ ይንሳፈፋል፣ መስመጡም መዝለሉም ይቀራል።

ለየትኛው ዓሣ ነው? ቆሮሶን እርሱት። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል የሚያራባው ይህ ተወዳጅ ዓሣ ዋና ምግቡ አልጌ ነው፤ የሚሸሽ ነገር አያሳድድም። በዓባይና በገባሮቹ ያለው፣ በተለምዶ ነጭ ዓሣ ወይም ባርበስ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ጣና ውስጥ ተመራማሪዎች ከለዩአቸው 15 ያህል የባርበስ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ይህ ለዚህ የዓሣ ወገን እጅግ ያልተለመደ ነው፣ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለምና። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ለእኔ ጠጉር የለበሰ ዝንብ ከባዶ ብረት የሚሻለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዓሣው ለስላሳ ነገር ወደ ውስጥ ሲስብ ለመትፋት አይቸኩልም። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተላመደው ትራውት ዉሊ በገርን ይወዳል። ለጫሞው ናይል ፐርች ደግሞ ያው የክላውዘር ዓይነት በትልቁ ይታሰራል።

ስለ ክብደቱ አንድ ነገር መባል አለበት። እርሳስ ርካሽና ለመሥራት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የወደቀውን የእርሳስ ቅንጣት ከጠጠር ጋር የዋጠ የውኃ ወፍ ይመረዛል። ብሪታንያ በዚህ ምክንያት አብዛኞቹን ትናንሽ የእርሳስ ማጥመጃ ክብደቶች እ.ኤ.አ. በ1987 አገደች። የሱሉልታ ሜዳ ረግረግ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ የሚውልበት ነው፤ እዚያ እርሳስ መጣል ነውር ነው። ናስ ይበቃል። አቅም ያለው ተንግስተን ይግዛ፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር እርሳስ 11 ግራም ሲመዝን ተንግስተን 19 ይመዝናል፤ ስለዚህ ትንሿ ዶቃ ፈጥና ትሰምጣለች። የተቆረጠ የፕላስቲክ ትልም አይበሰብስም፤ የዋጠው ዓሣ ሆድ ውስጥ ያብጣል። የፍየል ጠጉር ይበሰብሳል።

በክረምት ወንዙ ደፍርሶ ስለሚሞላ መድከም ነው። ከጥቅምት ወዲህ ውኃው መጥራት ሲጀምር ግን ይሆናል፤ ገና ሲደፈርስ ጥቁር ዝንብ፣ ሲጠራ ነጭና ቡናማ። ዝንቧ ወደ ዳርቻው ተወርውራ እስክትሰምጥ ይጠበቃል፤ ከዚያ ክሩ በእጅ አንድ ክንድ ያህል ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ ይደረጋል። ዓሣው የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ቆም ሲል ነው፤ ክሩን ያላላ ሰው አይሰማውም። ከመውረድ በፊት የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ጫን አድርጎ ማስተኛት ጥሩ ነው። ጥርሱ የተኛ መንጠቆ ዕንቁላል የቋጠረችውን ዓሣ ሳይቀድ ይለቃታል፤ ከአጥማጁ አውራ ጣትም ያለ ብዙ ጩኸት ይወጣል።