ሆዱን ራሱም የማያውቀው ባል

ሆዱ የማይታወቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚሰማውን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይይዘዋል። ሁለተኛው የሚደብቀው ነገር የለውም፤ የተሰማው ንዴት ይሁን ሐዘን ወይስ ፍርሃት ለራሱም አልለየለትም። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። ትዳር ውስጥ ብዙ ጣጣ የሚመጣው ሁለተኛውን እንደ አንደኛው ከመቁጠር ነው።

ይህ ስሜትን ለይቶ ያለማወቅ ባሕርይ አሌክሲታይሚያ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጡለት ቦስተን ይሠሩ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም ፒተር ሲፍኒዮስ ናቸው። ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ ከሰው ሰው በመጠን ይለያያል፤ ተመራማሪዎችም 20 ጥያቄዎች ባሉት የቶሮንቶ መለኪያ ይለኩታል። ፊንላንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከወንዶቹ 17 በመቶ፣ ከሴቶቹ 10 በመቶ ያህሉ ተገኝቶባቸዋል። «የወንድ ነገር» ብሎ ማለፍ እንግዲህ አያስኬድም።

ስሜት ሲመጣ አካልንም ይነካል፦ ልብ ይመታል፣ ደረት ይጨንቃል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል ይህን የውስጥ መልእክት ይቀበላል፤ አብዛኞቻችንም ከተፈጠረው ነገር ጋር አያይዘን «ፈራሁ» ወይም «ከፋኝ» እንላለን። አሌክሲታይሚያ ያለበት ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ከአለቃው ተጣልቶ የገባ ባል፣ ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም፣ ጨጓራዬን ነው» ብሎ ራት ሳይበላ ቢተኛ ዋሸ አይባልም፤ እሱ ያወቀው ማቃጠሉን ብቻ ነው። (በእርግጥ ጨጓራውን አሞትም ሊሆን ይችላል።) እሷ ግን የደበቀኝ ነገር አለ ትላለች፣ ትጠይቃለች፣ መልሳ ትጠይቃለች። እሱም ጥያቄው በበዛ ቁጥር ይባስ ብሎ ይዘጋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ የ155 ባለትዳር ጥንዶች ጥናት ነገሩ ትዳርን በምን በኩል እንደሚነካ ይጠቁማል። ባሕርዩ ጎላ ያለባቸው ሰዎች ብቸኝነት ይበልጥ ይሰማቸዋል፤ ብቸኝነት በበረታበት ቤት የልብ የልብን መጫወት ይቀንሳል፤ ከዚያ ጋር በትዳሩ መርካትም ይወርዳል። ጥናቱ መንስኤውን አያረጋግጥም። እኔን የገረመኝ ግን ዝም ያለው ሰው ራሱ ብቸኛ መሆኑ ነው፤ እኛ ብዙ ጊዜ የምናዝነው ለተዘጋባት ሚስት ብቻ ነው።

«ምን ተሰማህ?» የሚለው ጥያቄ ለእንዲህ ያለ ሰው ይከብደዋል። «የት ላይ ነው የሚያስጨንቅህ? መቼ ጀመረህ? ከሥራ ከመውጣትህ በፊት ነው በኋላ?» ቢባል ግን መልስ አያጣም። በሥነ ልቦና ሕክምናም ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከአካል ነው፤ ስሜትን ለይቶ መጥራት ቀስ በቀስ ይለመዳል፤ በሕክምና የመለኪያው ነጥብ የቀነሰላቸው ሰዎችም አሉ።