የሰው ዓይን ሲበዛ

የእህቴ ሠርግ ላይ ነው። ራት ተበልቶ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ የመድረክ መሪው «አሁን ደግሞ የሙሽራዋ ወንድም ቤተሰቡን ወክሎ ጥቂት ቃል ይናገራል» አለና ማይኩን ዘረጋልኝ። ንግግሩን ከጻፍኩት ሳምንት አልፎኛል፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። መስታወት ፊት ቆሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከወንበሬ ስነሳ ግን ጉልበቴ ከዳኝ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። በግራ እጄ የያዝኩት ወረቀት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለማይኩ ቅርብ ስለነበር ኮሽታው በድምፅ ማጉያው አዳራሹን የሞላው መሰለኝ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ሦስተኛው ከፊቴ ጠፋ። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ እያለ መስመሩን ማግኘት አቃተኝ።

እንደምንም ጨርሼ ስቀመጥ አጎቴ ጠጋ ብሎ «እንዲህ ረጋ ብለህ መናገር የት ተማርክ?» አለኝ። ሊያጽናናኝ ያለው መሰለኝ። ከዓመታት በኋላ ስለ መድረክ ፍርሃት ማንበብ ስጀምር ነው አጎቴ ያየውን እንደተናገረ የገባኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያንቀጠቀጠውን እንይ። አንጎል አደጋ መጣ ብሎ ሲያምን ትእዛዙ በነርቮች በኩል ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ ወደተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ይወርዳል። እነሱም አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነትም በኃይልም ይመታል። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠብቡና ደሙ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያደላል፤ እጃችን የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ምግብ የመፍጨት ሥራ ጋብ ይላል፤ ሆድ ውስጥ አንዳች ነገር ይላወሳል። ምራቅ ያንሳል፤ የቀረውም ይወፍራል። የጉሮሮ ጡንቻዎች ይወጠሩና ድምፅ ይቀጥናል። ጣቶቻችን ሁልጊዜም በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ንዝረት አላቸው፤ አድሬናሊን ያንን ንዝረት ያጎላዋል። ከግንባራችን ጀርባ ያለውና የምንናገረውን በተርታ ይዞ የሚያቀርበው የአንጎል ክፍል ደግሞ መጠነኛ መነቃቃት ሲያግዘው፣ መነቃቃቱ ከልክ ሲያልፍ ሥራውን ይለቃል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገሬ የጠፋው እዚያ ነው።

የሐርቫርዱ ተመራማሪ ዋልተር ካነን ይህን የሰውነት ዝግጅት በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር አስፍሮታል (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። እንስሳ ጠላት ሲገጥመው ወይ ለመታገል ወይ ለማምለጥ የሚሰናዳው በዚህ መንገድ ነው። ጅብ ለሚያባርረው ሰው ነፍስ የሚያድን ስጦታ ነው። ጥያቄው፣ ከወዳጅ ዘመድ በቀር ማንም በሌለበት የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚነሳ ነው።

ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠኝ ጀርመን አገር ትሪየር በምትባል ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ የተቀነባበረ ሙከራ ነው። ክሌመንስ ኪርሽባውምና ባልደረቦቹ በ1993 አሳተሙት። ተሳታፊው አንድ ክፍል ይገባል። ከጠረጴዛ ኋላ ገምጋሚዎች ተቀምጠዋል። ለሥራ ቅጥር እንደቀረበ አድርጎ፣ ለምን እሱ መመረጥ እንዳለበት 5 ደቂቃ እንዲናገር ይነገረዋል። ከገምጋሚዎቹ ፈገግ የሚል፣ ራሱን የሚነቀንቅ አንድም የለም። ንግግሩን እንደጨረሰ ከ1022 ተነስቶ 13፣ 13 እየቀነሰ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ይታዘዛል። ከተሳሳተ እንደገና ከ1022 ይጀምራል። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልሰደበውም። በምራቁ ውስጥ ያለው ኮርቲዞል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ግን ከመነሻው ከ2 እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። ሳሊ ዲከርሰንና ማርጋሬት ኬሜኒ በ2004 የ208 የላቦራቶሪ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ መርምረው ሲያበቁ ምክንያቱ ጠራ። ጩኸት መስማት ብቻውን ኮርቲዞልን ያን ያህል አያስነሳውም። ከሁሉ የበለጠ የሚያስነሳው ሰዎች እያዩና እየመዘኑን፣ ውጤቱም ከእጃችን ውጭ ሲሆን ነው።

አማርኛ ይህን ነገር ከላቦራቶሪው በፊት ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሚያፍር ሰው «ዓይነ አፋር» ነው፤ ሕዝብ ፊት የተደናበረ ሰው «የሰው ዓይን በላኝ» ይላል። «ይሉኝታ» የሚለው ቃል ራሱ ሰዎችን በሆዱ ይዟል፤ «ምን ይሉኛል» ማለት ነውና። ለሰው ልጅ በወገኑ ዘንድ ተቀባይነት ማጣት ለብዙ ሺህ ዓመታት ከእሳትና ከእህል መራቅ ነበር፤ ብዙ ተመራማሪዎች አንጎላችን የሰዎችን ፍርድ ከአካል አደጋ እኩል የሚያየው ከዚህ የተነሳ ነው ይላሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ የሚጨመር ነገር አለ። ብዙዎቻችን ያደግነው ትልቅ ሰው ባለበት ልጅ አይናገርም እየተባልን ነው። ጨዋ ልጅ ማለት ዝም የሚል ልጅ ነበር። በ10 ዓመቱ ዝም በል የተባለው ልጅ በ30 ዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ቆሞ እንዲያስረዳ፣ በስብሰባ ሪፖርት እንዲያቀርብ፣ ለቤተሰቡ ሽማግሌ ሆኖ እንዲሄድ ይጠበቅበታል። በመሃል ያስተማረው የለም። ስደት ላይ ያለው ደግሞ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ሊወጣው ነው፤ ቃል ፍለጋውም ከፍርሃቱ እኩል ያንኑ ከግንባር ጀርባ ያለውን የአንጎል ክፍል ይሻማል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ፍርሃቱ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። እንግሊዛዊው ታላቅ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየር ዝናው ከፍ ብሎ፣ ዕድሜው ከ55 አልፎ ሳለ ነበር የመድረክ ፍርሃት ይዞት ለዓመታት ያሰቃየው።

አሁን ወደ አጎቴ። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን ንግግር አስደረጉ። ተናጋሪዎቹ ምን ያህል ተርበትብተው እንደታዩ ሲጠየቁ የሰጡት ግምት አድማጮች ካዩት የበለጠ ሆኖ ተገኘ። የራሳችን ልብ ትርታ ጆሯችን ውስጥ ስለሚጮህ ሰውም የሚሰማው ይመስለናል። እኔን የማረከኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ተመራማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ ተናጋሪዎች ከመጀመራቸው በፊት ይህንኑ እውነት ነገሯቸው፤ ውስጣችሁ ያለው ጭንቀት እናንተ የምታስቡትን ያህል ውጭ አይታይም አሏቸው። እነዚያ ይህን ካልሰሙት ተሽለው ተናገሩ፤ በራሳቸውም ግምት፣ በአድማጮችም ፍርድ። አዲስ ዘዴ አልተማሩም፣ ኪኒን አልዋጡም። መንቀጥቀጣቸውን የመደበቅ ሸክም ብቻ ነው የወረደላቸው። የእኔን ወረቀት ኮሽታ አጎቴ አልሰማውም ነበር።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ለሚፈራ ሰው «ተረጋጋ» ማለት ትቻለሁ። ልቡ እየጋለበ ያለን ሰው በአንዴ ጸጥ በል ማለት ቁልቁለት የያዘን መኪና ባለበት እንደማቆም ነው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች የሐርቫርድ ተመራማሪ በ2014 ሌላ መንገድ አሳይታለች። ሕዝብ ፊት ሊናገሩ ከተዘጋጁ ሰዎች ገሚሱን ለራሳቸው «ተረጋግቻለሁ» እንዲሉ፣ ገሚሱን በእንግሊዝኛ ጉጉትንና መነሳሳትን የሚገልጸውን ቃል እንዲሉ አደረገች። የተሻሉት ጓጉተናል ያሉት ናቸው። ጉጉትም ፍርሃትም ልብን እኩል ያስመታሉና ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ስሙን መለወጥ ይበቃል። በእኛ ቋንቋ «ጓጉቻለሁ» የሚለው ቃል ለዚህ ልክ ይመስለኛል። ነገ ልጇን ከኤርፖርት የምትቀበል እናት ልብም እንዲሁ ነው የሚመታው።

ስለ ትንፋሽ ብዙ ስለተባለ አጭር አደርገዋለሁ። አየር ስናስወጣ ልብን የሚያዘገየው ቬገስ የተባለ ነርቭ ይበረታል፤ ስለዚህ ማስወጣቱን ከማስገባቱ ረዘም አድርጎ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ መተንፈስ ይረዳል። ከመድረክ በፊት ባለው ሰዓት ሁለት ሦስት ሲኒ ቡና መደራረብ በተቃራኒው ይሠራል። ጫትም እንዲሁ፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል። ምርቃናው ያመጣው ድፍረት የሚመስለው ነገር የሚነሳው ከዚያው ከሚያንቀጠቅጠው ምንጭ ነው።

መድኃኒትስ? ፕሮፕራኖሎል የተባለው ኪኒን አለ። በ1960ዎቹ በጄምስ ብላክ ሥራ ለልብ ሕሙማን የተገኘ ነው፤ ብላክ በ1988 ኖቤል ተሸልሞበታል። አድሬናሊን ልብና ጡንቻ ላይ የሚያርፍበትን በር ይዘጋል። በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ኦክስፕሬኖሎል የተባለው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን መርበትበት ቀንሶ አጨዋወታቸውን እንዳሻሻለ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የልብ ምቱ ወይም የደም ግፊቱ ዝቅተኛ ለሆነም አይበጅም። ጓደኛ ካዘዘው ወይም ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ከተገዛ መድኃኒት እንድትጠነቀቁ እለምናለሁ። ፍርሃቱ ትምህርት ያስቋረጠው፣ ከሥራ እድገት ያስቀረው ሰው የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት አለበት። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመዘኛ፣ ሕዝብ ፊት ሥራ በማቅረብ ላይ ብቻ የሚከሰተውን ፍርሃት ለብቻው ለይቶ መዝግቦታል፤ ሕክምና አለው።

የሕክምናው እምብርት መጋፈጥ ነው። ፍርሃትን የሚያሳድገው ሽሽት ነው፤ ሽሽት ስል መቅረትን ብቻ አይደለም። ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ በ1995 እንዳስረዱት፣ የሚፈራ ሰው ትኩረቱን ሁሉ ወደ ራሱ ይመልሳል፤ ድምፄ ተቆረጠ ወይ? ፊቴ ቀላ ወይ? እያለ ራሱን ይሰልላል። አንገቱን ደፍቶ ያነባል፣ ቶሎ ለመገላገል ይጣደፋል። በሰላም ሲወጣ ያዳነኝ አንገት መድፋቴ ነው ብሎ ያምንና በሚቀጥለው ጊዜም ይደፋል። ቀና ብሎ አንድ ፊት መፈለግ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለዚያ ሰው ነግሮ መጨረስ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ማለፍ ይህን ክር ይበጥሳል።

በደረጃ መጋፈጥን ካየሁባቸው ቦታዎች ሁሉ የቅኔ ቤቱን ያህል ያማረ አላውቅም። ተማሪው ከሁለት መስመሯ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ብቻውን ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቃኑለታል። እየበረታ ሲሄድ ወደ ረጃጅሞቹ፣ እስከ ባለ ስምንት መስመሩ መወድስ ይደርሳል፤ በበዓል ቀን በሊቃውንትና በምእመናን መካከል ቆሞ ቅኔ የሚያቀርበው ይህን መንገድ አልፎ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው ለዕውቀት እንጂ ለፍርሃት አይደለም። ግን ከአንድ አድማጭ ወደ ብዙ፣ ከአጭር ወደ ረጅም የሚወስደው መንገድ ዛሬ ሐኪሞች ከሚነድፉት ጋር አንድ ነው።

አንዲት የማውቃት የሒሳብ ባለሙያ ይህን መንገድ የራሷ አድርጋዋለች። መጀመሪያ ማታ ማታ ለልጇ ተረት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ቀጥላ በዕድር ስብሰባ እጇን አውጥታ አንዲት ጥያቄ ጠየቀች። ከዚያ በመሥሪያ ቤቷ ለአምስት ባልደረቦቿ የ3 ደቂቃ ገለጻ። በየእርምጃው ትንሽ ደብተር ትይዛለች፤ ገጹ መሃል ላይ በእስክሪብቶ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ በኩል ከመናገሯ በፊት «የፈራሁት» ብላ ትጽፋለች፤ በቀኝ በኩል ከተናገረች በኋላ «የሆነው»። አንጎል ፍርሃቱን የሚያርመው የተነበየው ሳይሆን ሲቀር ስለሆነ፣ ትንቢቱን አስቀድሞ በጽሑፍ መያዝ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች «ይስቁብኛል»፣ «ድምፄ ይጠፋል»፣ «ድሮም አትችልም ይሉኛል» በሚሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው፤ ቀኙ በአብዛኛው «አልሳቁም»፣ «ማንም ምንም አላለም» ነው።

ባለፈው ጊዜ ለዳይሬክተሮች ቦርድ የዓመቱን ሒሳብ ካቀረበች በኋላ የጻፈችውን አሳየችኝ። በግራ፦ «እጄ ይንቀጠቀጣል።» በቀኝ፦ «ተንቀጠቀጠ። ስለ ዕዳው ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው።»