ኳርተርባኩን ማን ይጠብቀው?

ሰኞ ማለዳ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አበሻ የሚያዘወትረው አንድ ካፌ ገብቼ ቡና እየጠበቅሁ ነበር። ከጎኔ ያሉ አዛውንት ባለታክሲ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አድርገው፣ "38 ለ 7 እየተመራህ፣ ጨዋታው አልቆ፣ ልጁን ምን እንዲፈጥርልህ ነው ሜዳ ላይ የምታቆመው?" አሉ። አብራቸው የተቀመጠችው የእህታቸው ልጅ ከሌሊት ተረኝነት የወጣች ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳን አልቀየረችም። "ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው" አለቻቸው። ሰውማ እያየ ነበር፤ ግማሹ ካፌ ወዲያው ክርክሩ ውስጥ ገባ።

ጉዳዩ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ነው። በዋዜማው፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ላንዶቨር በሚገኘው ስታዲየም ሲያትል ዋሽንግተንን እንዳሻው ሲያደርገው አመሸ። በአራተኛው ሩብ፣ ውጤቱ ከተቆረጠ በኋላ፣ የዋሽንግተን ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ ሲወድቅ ግራ ክርኑ ከቦታው ወለቀ። አሰልጣኙ ዳን ኩዊን ኋላ ላይ ኃላፊነቱን ራሱ ወሰደ። ደጋፊው ግን አልበረደም። አንዱ ወገን ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ኳርተርባክ በመጫወት ነው የሚማረው፣ ከጉዳት የተመለሰ ልጅ ደግሞ ምቱን የሚያገኘው ሜዳ ላይ ነው ይላል። ሌላው ወገን ያንን ምሽት የወንጀል ያህል ያየዋል።

እኔን የያዘኝ የክርክሩ ግለት አይደለም። ባለታክሲው በመሐል ጣል ያደረጉት አንድ ነገር ነው፦ "ይኼ ፊልም በፊትም ታይቷል። ሜዳው ያው፣ ባላጋራው ያው ሲያትል። ልጁ ብቻ ነው የተለወጠ።"

እውነታቸውን ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 በዚያው ላንዶቨር፣ በዚያው ሲያትል ፊት፣ የያኔው ኳርተርባክ ሮበርት ግሪፊን ወደቀ።

የግሪፊንን ታሪክ የዚህ አካባቢ ሰው ያውቀዋል፤ ዝርዝሩ ግን ሳይረሳ አይቀርም። ክለቡ በ2012 ድራፍት 2ኛውን ምርጫ ለማግኘት ለሴንት ሉዊስ ራምስ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን ሰጠ፤ በዚያ ላይ አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጨመረበት። ልጁም ዋጋውን ያወጣ መሰለ። 20 ታችዳውን ወርውሮ 5 ኳስ ብቻ አስቀማ፣ በእግሩ 815 ያርድ ሮጠ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። 3 አሸንፎ 6 ተሸንፎ የነበረው ቡድን ቀሪዎቹን 7 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ።

ዲሴምበር ላይ ግን ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ግሪፊን ቀኝ ጉልበቱን ተመቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ ከዚያ ሊራመድ አቃተውና ወጣ። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን የታወቁት የአጥንት ሐኪም ጀምስ አንድሩስ እንዲመለስ ፈቅደውለት እንደነበር ተናገረ። ሐኪሙ ግን የፕሌይኦፉ ጨዋታ በተደረገበት ዕለት በታተመ ዘገባ፣ ያን ጊዜ ልጁን የመመርመር ዕድል እንኳን እንዳላገኙ ገለጹ። የዚያኑ ዕለት ግሪፊን በታሰረ ጉልበት ሜዳ ገባ። ዋሽንግተን በመጀመሪያው ሩብ 14 ለ 0 መራ፤ ልጁ ግን በዚያው ሩብ ማነከስ ጀምሯል። ሻናሃን ጠየቀው፤ ልጁ ያመኛል እንጂ አልተጎዳሁም ብሎ መለሰ፤ አሰልጣኙም አመነው። በአራተኛው ሩብ ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ለማንሳት ሲያጎነብስ ጉልበቱ ከዳው። ሁለት ጅማት ተበጥሶ ተገኘ። ውጤቱ 24 ለ 14 ሆኖ አለቀ፤ ግሪፊንም ከዚያ በኋላ የ2012ቱን ግሪፊን ሆኖ አያውቅም።

ነርሷ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "እኛ ጋ በሽተኛ 'ደህና ነኝ' ስላለ አናሰናብተውም። 'ደህና ነኝ' የሚለውን ነው እንዲያውም ደጋግመን የምናየው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሰማንያ ሺህ ሰው እየጮኸለት፣ አሞኛል ይላል ብለው ነው?"

የያኔው ክርክር ግን ወደ ጉልበቱ አልሄደም። ወደ ሰውየው ሄደ። በዚያው 2012 ድራፍት ክለቡ በአራተኛው ዙር ከርክ ከዝንስን ወስዶ ስለነበር ከተማው ለሁለት ተከፈለ፤ ግሪፊን ወይስ ከዝንስ? ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በዲሴምበር 2014 ራምስ ላንዶቨር ሲመጡ በልውውጡ ያገኟቸውን ተጫዋቾች አምበል አድርገው ለሳንቲም መጣያው ወደ መሐል ሜዳ ላኩ፤ 24 ለ 0 አሸንፈውም ሄዱ። እንዲህ ያለ ፌዝ በስፖርት ውስጥ ብዙ አላየሁም። ከዝንስም ቦታውን ቢያገኝ ቋሚ ውል አላገኘም፤ በ2016 እና በ2017 በአንድ ዓመቱ የፍራንቻይዝ ታግ ውል እየተያዘ 20 ሚሊዮንና 24 ሚሊዮን ገደማ ዶላር ተከፈለው። በ2018 በሙሉ ዋስትና 84 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሚኒሶታ ሄደ።

ባለታክሲው በዚህ አይገረሙም። "እዚህ አገር በሰማንያ ሁለት ስገባ እንግሊዝኛዬን ያቃናሁት በዚህ ክርክር ነው" አሉኝ። "ተሳፋሪው ሰኞ ሰኞ ሌላ ወሬ የለውም። ቡድኑ ካሸነፈ ቲፕ ይሰጣል፣ ከተሸነፈ በሩን ጥሎብህ ይወርዳል። ስለዚህ እሑድ ማታ ውጤቱን ሳላውቅ አልተኛም ነበር፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ያኔ ሽማግሌዎቹ ገና ስለ ሰኒና ስለ ቢሊ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ሁለቱም ጫማ ከሰቀሉ ዓመታት አልፏቸው።"

ሰኒና ቢሊ የክርክሩ አያቶች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰኒ ጀርገንሰን ኳሷን እንደ ቀስት የሚወረውር፣ ቢሊ ኪልመር ደግሞ ኳሷ በአየር ላይ እየተወላገደች የምትሄድበት፣ ግን ጨዋታ የሚያሸንፍ ሰው ነበር። አሰልጣኙ ጆርጅ አለን በመከላከል የሚያምን ጥንቁቅ ሰው ስለነበር ልቡ ወደ ኪልመር አዘነበለ። ከተማው የየሚወደውን ስም መኪናው ላይ ለጥፎ ዞረ። በ1972 ጀርገንሰን ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት ተበጠሰና ኪልመር ቡድኑን ለሱፐር ቦል አደረሰ፤ በማያሚ ቡድንም 14 ለ 7 ተሸነፉ። የጀርገንሰን ወገኖች ሰኒ ቢኖር ኖሮ ማለታቸውን ዕድሜ ልካቸውን አልተዉም።

ከዚያም በፊት ሌላ ታሪክ አለ፤ ዛሬ ሜዳው ላይ ማን እንደሚቆም ለሚከራከር ሰው መረሳት የሌለበት። ቡድኑን በ1937 ከቦስተን ወደ ዋሽንግተን ያመጣው ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላስገባም ብሎ ከሊጉ ክለቦች ሁሉ መጨረሻ የቀረ ሰው ነው። አዲሱ ስታዲየም የፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር፣ የኬኔዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል በ1961 ወይ ጥቁር ተጫዋች ታስገባለህ ወይ ሜዳውን ታጣለህ አሉት። በ1962 ቦቢ ሚቸል ገባ። ሩብ ምዕት ዓመት ገደማ ቆይቶ ዳግ ዊሊያምስ ሱፐር ቦል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ የሆነው በዚሁ ማልያ ነው፤ ጃንዋሪ 31 ቀን 1988፣ ዴንቨርን 42 ለ 10።

ያን ምሽት ባለታክሲው ዘጠነኛ ጎዳና አቅራቢያ በአንድ ወዳጃቸው ቤት፣ አሥራ ምናምን ሆነው አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ከበው አይተውታል። "ዊሊያምስ መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ ተጠመዘዘና ወጣ። አለቀልን ብለን ነበር። ተመለሰና በአንድ ሩብ አራት ታችዳውን ወረወረ! ያልዘለለ፣ ያላለቀሰ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ የዚህ ቡድን ነኝ፤ ስሙንም ባለቤቱንም እየቀያየሩ ቢያስቸግሩኝ አልወጣም።"

ልብ በሉ፤ እኚሁ ሰው ናቸው ዳንኤልስ ለምን ሜዳ ቆየ ብለው ጠረጴዛ የሚመቱት። ዊሊያምስ በተጠመዘዘ ጉልበት ተመልሶ ጀግና ሆነ፣ ግሪፊን በተመታ ጉልበት ተመልሶ ተሰበረ። ደጋፊው የመጀመሪያውን ሲያወድስ ለሁለተኛው ፈራጅ መሆን ይከብደዋል። ይህን ስላቸው ጥቂት አሰቡና፣ "ዊሊያምስ ፊት ሆግስ ነበሩ፤ የግሪፊን ፊት ማን ነበረ?" አሉኝ።

እኔን ያሳመነኝ ይህ መልስ ነው። አሰልጣኝ ጆ ጊብስ ሦስት ሱፐር ቦል ያሸነፈው በሦስት ልዩ ልዩ ኳርተርባኮች ነው፤ በታይዝማን፣ በዊሊያምስ፣ በሪፒን። ሦስቱን የሚያገናኘው ከፊታቸው የቆመው መስመር ነው። በጆ ቡጌል የሠለጠኑት "ሆግስ" (አሳማዎቹ) ደግሞ በውድ ዋጋ የተገዙ አልነበሩም። ጆ ጃኮቢንና ጄፍ ቦስቲክን በድራፍት የመረጣቸው ክለብ አልነበረም። በ1991 የውድድር ዘመን በ16 ጨዋታ የዋሽንግተን ኳርተርባክ ኳሱን እንደያዘ የተጣለው 9 ጊዜ ብቻ ነው። ዘጠኝ! ዛሬ ይህን ያህል በሁለት ጨዋታ የሚወድቅ አለ። የያኔው ደጋፊ የአሳማ አፍንጫ እያደረገ ስታዲየም የሚገባው ለእነዚህ ሰዎች ክብር ነበር፤ ዛሬ የመስመር ተጫዋች ማልያ ለብሶ የሚመጣ ብዙ አታዩም።

መስመር ብቻውን ሁሉን አያድንም፤ የታይዝማን እግር ኖቬምበር 18 ቀን 1985 የተሰበረው ሆግስ ባሉበት ዘመን ነው። በዚያው ዕለት በ2018 የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝ እግሩ ተሰብሮ፣ ቁስሉ አመርቅዞ 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ግን ጥበቃው በቸልታ ሲፈርስም አይተናል። የግራውን ጠርዝ ለዓመታት የያዘው ትሬንት ዊሊያምስ በ2019 ለቡድኑ አልጫወትም አለ፤ ጭንቅላቱ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር እንደነበረና የክለቡ ሐኪሞች አቅልለው እንዳዩት በይፋ ተናገረ። በ2020 በአንድ የሦስተኛና በአንድ የአምስተኛ ዙር ምርጫ ለሳን ፍራንሲስኮ ተሰጠ፤ እዚያም ከሊጉ ምርጦች አንዱ ሆኖ ቀጠለ። ይኸው ነው ጉዳዩ፤ መስመሩም፣ ሐኪሙም፣ የአሰልጣኙም ውሳኔ አንድ ጥበቃ ናቸው፤ አንዱ ከተጓደለ ኳርተርባኩ ግሪፊን ሆነ ከዝንስ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሃስኪንስ ሆነ ዌንትዝ ልዩነት አያመጣም።

የተጎዳ ተጫዋች ሜዳ ላይ ይቆይ አይቆይ የሚለውን በመጨረሻ ማን እንደሚወስን ለመረዳት፣ በስፖርቱ ውስጥ ብዙ ዘመን የቆዩ አንድ ኃላፊ አነጋግሬ ነበር። ስለ ሕክምና መሣሪያው፣ ስለ ሜዳው ሣር፣ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፊያው ደስ እያላቸው አወሩኝ። አሰልጣኝና ሐኪም ባይስማሙስ? ስላቸው ግን "ጥያቄህን ጻፍልኝ" አሉ። ጻፍኩላቸው፤ መልሱ አልመጣም።

ክለቡ ራሱ ግን ብዙ ተለውጧል። የቀድሞው ባለቤት ስናይደር በ1999 በ800 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን ክለብ በ2023 በ6 ነጥብ 05 ቢሊዮን ለጆሽ ሃሪስ ቡድን ሸጦ ወጣ፤ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች የሚያዋርደው የቀድሞ ስምም በ2020 ቀርቷል። በ2024 ዳንኤልስ መጣና በቺካጎ ላይ በመጨረሻዋ ሰከንድ በወረወራት 52 ያርድ ኳስ ከተማውን አሳበደ፤ ቡድኑም 12 አሸንፎ ዲትሮይትን 45 ለ 31 ጥሎ እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ ደረሰ፤ ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ያልታየ ነው። ክለቡ ለ2025 ላሬሚ ተንሲልን በልውውጥ፣ ጆሽ ኮነርሊን በድራፍት አምጥቶ መስመሩን አጠናከረ። አሳቡ ትክክል ነበር። ዳንኤልስ ግን መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ከዚያ የጭኑን ጡንቻ፣ ከዚያ ክርኑን ተጎዳ። ዲሴምበር ላይ ተመልሶ፣ ሚኒሶታ ላይ 31 ለ 0 በተሸነፉበት ጨዋታ ክርኑን ዳግም አሳመመውና ለዓመቱ አበቃ። 7 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ ቡድኑም 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ።

የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤት ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 በአሮጌው አርኤፍኬ ቦታ ላይ በ2030 የሚከፈተውን ስታዲየም አጽድቋል፤ ከሕዝብ ካዝና አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይወጣበታል። ባለታክሲው "በሕይወት ካለሁ እገባለሁ" ይላሉ፤ የእህታቸው ልጅ ትኬቱን እንደምትገዛላቸው ቃል ገብታለች።

ወደ ጥበቃው ልመለስ። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ ከየትኛውም ክለብ ጋር ያልተያያዘ የነርቭ ሐኪም በሜዳው ዳር ያቆማል፤ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች የአሰልጣኝን ፊት ብቻ አይቶ አይመለስም። ለጉልበትና ለክርን እንዲህ ያለ ገለልተኛ ሰው የለም። የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር የጋራ ስምምነት የሚያበቃው ከ2030 የውድድር ዘመን በኋላ ነው። ማኅበሩ በሚቀጥለው ድርድር ከደመወዙ ጎን ይህን ጥያቄ ማቅረብ አለበት፤ ደጋፊውም ስለ ኳርተርባክ በሚከራከርበት ጉልበት ይህንኑ ይጠይቅ።